እንግሊዝኛ ከማትሰማ እናቴ ጋር የምናየው ኮሜዲ ጠቁሙኝ

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ወር ሞላት። ብርዱ ከብዷት ከቤት አትወጣም። ቀን እኔና ባለቤቴ ሥራ እንውላለን፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት። ማታ ሁላችንም አንድ ሶፋ ላይ ነን፤ ግን ሁሉም የየራሱ ስልክ ላይ ነው።

ባለፈው ሳምንት ትልቁ ልጄ የሆነ ኮሜዲ ከፍቶ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እማዬ ቴሌቪዥኑን ሳይሆን እሱን እያየች አብራ ትስቃለች። ምን እንደተባለ አልገባትም። እሱ ስለሳቀ ነው የሳቀችው። አንጀቴን በላችኝ።

እማዬ እንግሊዝኛ አትሰማም፤ የእንግሊዝኛ ሰብታይትልም አታነብም። ልጆቼ 14 እና 11 ዓመታቸው ነው። አማርኛ ይሰማሉ፣ ፈጠን ያለ ጨዋታ ግን ያመልጣቸዋል። የአገር ቤት ስከፍት ልጆቹ ይነሳሉ። የእነሱን ስከፍት እማዬ ዳዊቷን ታነሳለች። ሁላችንም እኩል የምንስቅበት ነገር አለ? ከእናት ጋር ቁጭ ብሎ ሲታይ የማያሳፍር ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል።

ሳሪስ 81፦

ሚስተር ቢን! በሱ ጀምሪ እህቴ።

ልጆች ሆነን ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነበር። ሳንቲም አዋጥተን እንገባለን። የካራቴ ፊልም ሲሆን እንግሊዝኛ የሚሞክር አንድ ትልቅ ልጅ ከፊት ቁጭ ብሎ ይተረጉምልናል። ሚስተር ቢን ሲሆን ግን ተርጓሚ የለም፣ አያስፈልግማ። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት እናት ነጠላቸውን እንዳጣፉ በሩ ላይ ቆመው ይስቁ ነበር። እስካሁን ድምፃቸው ጆሮዬ ላይ አለ።

ዋናዎቹ 15 ክፍሎች ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው የታየው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1990 ነው። ተዋናዩ ሮዋን አትኪንሰን በኦክስፎርድ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪ የያዘ ሰው ነው። ቢንን ሲጫወት ግን አፉን አይከፍትም ማለት ይቻላል። ሥራው ሁሉ ፊቱና እጁ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ክፍል ክፈቺላቸው። መጨረሻው ላይ ቢን ቤተ ክርስቲያን ይገባል። ስብከቱ ይረዝምበትና እንቅልፍ ይጥለዋል። መዝሙር ሲጀመር ጎኑ ያለው ሰውዬ መጽሐፉን አያካፍለውም። ቢን ግጥሙን አያውቀውም፤ የሚያውቀው «ሃሌ ሉያ» የምትለዋን ብቻ ነው። ስለዚህ ሲያጉረመርም ይቆይና እሷ ስትደርስ በሙሉ ድምፁ ይለቃታል። እናትሽ ቅዳሴ አስቀዳሽ ከሆኑ ይህን ይወዱታል።

ቶሮንቶ ቤት፦

ሳሪስ ትክክል ነው። ግን 15 ክፍል በሁለት ሳምንት ያልቃል፤ ከዚያስ?

እኔ «ኪምስ ኮንቪኒየንስ» እላለሁ። የካናዳ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2021 በሲቢሲ የታየ። ቶሮንቶ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ያላቸው የኮሪያ ቤተሰብ ናቸው። አባትና እናት ከአገራቸው የመጡ፣ ልጆቹ እዚህ ያደጉ። አባትየው በሰባራ እንግሊዝኛው ደንበኛውን ሁሉ ይከራከራል። ከወንድ ልጁ ጋር ተኳርፈዋል፤ ዓመታት አልፈዋል። ሁለቱም ይናፈቃሉ፣ ሁለቱም አይናገሩትም። እናትየው መሃል ላይ ሆና ታመላልሳለች።

ይህን ታሪክ የማያውቅ የእኛ ሰው ማን ነው? እኔ አባቴን ነው ያየሁት። ሱቅ አልነበረንም፤ ኩርፊያው ግን አንድ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ሳሪስ 81፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ከፈትኩት። እማዬ መጀመሪያ ዝም ብላ አየች። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ ሰውዬው አንገቱ እየተሰበረ ወደፊት ሲደፋ «ውይ! ልክ እንደ እነ እንትና በዐቢይ ጾም!» ብላ ጉልበቷን መታች። እነ እንትና ማለት መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው የሚያንቀላፉ የደብራችን ሰዎች ናቸው። «ሃሌ ሉያ» ሲመጣ እሷም አብራ አለችው። ትንሹ ልጄ ሳቀ፣ እሷ ሳቀች፣ ተያይዘው ሳቁ።

አንድ ነገር ግን ጠየቀችኝ። «ማነው እዛ ጓዳ ሆኖ የሚስቀው?» አለችኝ። የሚሰማውን የሳቅ ድምፅ ማለቷ ነው። ምን እንደምመልስላት አላወቅኩም። የምታውቁ ንገሩኝ።

ሸገር ልጅ፦

ደስ የሚል ጥያቄ ነው፤ ግን አንድ ነገር ልበል። ልጆቹ የአገር ቤቱን ሲያዩ የሚነሱት አማርኛው ስለፈጠነባቸው ከሆነ መፍትሔው አማርኛውን መተው አይደለም። እያዩ ነው የሚለምዱት።

የጥላሁን ጉግሳን «ቤቶች» ሞክሪ። በመቶ የሚቆጠር ክፍል አለው፤ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። አንድ ቤት፣ አንድ ቤተሰብ፣ በየሳምንቱ አንድ ጣጣ። ታሪኩ ስለማይያያዝ ከየትም መጀመር ትችያለሽ። ለልጆች ቀላሉ እሱ ነው። ለአንቺና ለባለቤትሽ ደግሞ የበኃይሉ ዋሴን «ምን ልታዘዝ» እመክራለሁ። በፋና ቴሌቪዥን ይታይ የነበረው ማለቴ ነው። አንድ ካፌ ነው፤ ግን ካፌው ውስጥ አገሪቱ አለች። የካፌው ጭቅጭቅ ሁሉ የአገር ጭቅጭቅ ነው። ያን ጊዜ እኛ ቤት ሲጀምር ስልክ ቢጮህ የሚያነሳ አልነበረም። በማግስቱ ሥራ ቦታ ወሬው እሱ ነው። ለልጆችሽ ግን ይከብዳቸዋል፤ ያን ጊዜ አገር ቤት የነበረ ሰው ነው የሚያጣጥመው።

ለእናትሽ ብቻ ከሆነ የድሮዎቹን ፈልጊላቸው። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ። የበዓል ዋዜማ ዶሮው ምድጃ ላይ ሆኖ ኢቲቪ ስር ተሰብስበን የምንጠብቃቸው። እናቶቻችን ሽንኩርቱን ትተው ይመጡ ነበር።

ሪያድ፦

እኔ የቤት ሠራተኛ ነኝ። «ቤቶች»ን የማየው ማታ ሥራ ስጨርስ፣ በስልኬ፣ ኢርፎን ሰክቼ ነው። ቀኑን ሙሉ የምሰማው ዐረብኛ ነው። ማታ ሃያ ደቂቃ አማርኛ ሰምቼ እተኛለሁ። ለኔ ከሳቁ በላይ ድምፁ ነው። የአገሬ ሰው ሲጣላ፣ ሲታረቅ፣ ቡና አፍልቶ ሲጠራራ። እናትሽ በእንግሊዝኛ ተከበው ነው የሚውሉትና እህቴ፣ ለራሳቸው ብቻ የሚሆን የአማርኛ ሰዓትም ስጫቸው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ሪያድ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ከነገ ጀምሮ ቀን ቀን ብቻዋን ስትሆን የድሮዎቹን እከፍትላታለሁ። አመሰግናለሁ እህቴ።

ከሃይፋ፦

ከእኛ ወገን አንድ ልጨምር። «ነፍሱ» የሚባል የእስራኤል ኮሜዲ አለ። ስሙ ያው የኛው አማርኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ጀመረ፤ በ2018 ኒው ዮርክ ላይ በኮሜዲ ዘርፍ ዓለም አቀፍ ኤሚ ሽልማት ወሰደ። ያን ቀን እዚህ የነበረውን ደስታ ባያችሁት።

ታሪኩ የአንድ ኢትዮጵያዊ እስራኤላዊና የአሽኬናዚ (ዘሯ ከአውሮፓ አይሁዶች የሆነ) ሚስቱ ነው። ጊሊና ታማር ይባላሉ። ዋናው ጨዋታ ሁለቱ አማቾች ሲገናኙ ነው። ጊሊን የሚጫወተው ዮሲ ዋሳ ከፈጠሩት ሰዎች አንዱ ነው። ልጅ ሆኖ ከቤተሰቡ ጋር በእግሩ ወደ ሱዳን የሄደ፣ ከዚያ እስራኤል የገባ ሰው ነው። ቀደም ብሎ ብቻውን መድረክ ላይ የሚጫወተው ትርዒት ነበረው፤ ርዕሱ «በአማርኛ ሲሆን የተሻለ ይሰማል» እንደማለት ነው።

ቋንቋው በብዛት ዕብራይስጥ ስለሆነ እናትሽ ላይ ሊከብድ ይችላል። ለልጆችሽ ግን አሳያቸው። እነሱን የመሰለ ልጅ፣ የነሱን የመሰለ አያት ቴሌቪዥን ላይ ሲያዩ ፊታቸውን ተመልከቺ። የእኔ ልጅ «አያታችን ቲቪ ላይ ናት» ብሎ ነው ከክፍሉ የጠራኝ።

የታኮማ አባት፦

እኔ እዚህ አገር 19 ዓመቴ ነው። አሥራ አንዱን ዓመት ሁለት ሥራ ሠርቻለሁ። ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ታክሲ። ልጆቼ ያደጉት እኔ ተኝቼ እያዩኝ ነው።

አንድ እሁድ «ኤቭሪባዲ ሄትስ ክሪስ»ን ከፈቱ። ክሪስ ሮክ ስለ ልጅነቱ ራሱ የሚተርከው ነው። ብሩክሊን ውስጥ፣ በ1980ዎቹ። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2009 አራት ሲዝን ወጥቷል። አባትየው ጁሊየስ ሁለት ሥራ አለው። የእያንዳንዱን ነገር ዋጋ እስከ ሳንቲሙ ያውቃል። ወተት ጠረጴዛ ላይ ሲፈስ የፈሰሰው የ49 ሳንቲም ወተት ነው ይላል። ልጁ ሊተኛ ሲል ሰዓቱን ከሶኬት ንቀል ይለዋል። ተኝተህ ሰዓት አታይም፣ በሰዓት ሁለት ሳንቲም ይበላል ነው ነገሩ።

ልጆቼ ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ከዚያ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

የዛን ቀን ማታ ትልቋ ልጄ ከክፍሏ ስትወጣ መብራቱን አጥፍታ ወጣች። አሥር ዓመት የለመንኳት ነገር ነው። ምንም አላለችም፤ እኔም ምንም አላልኩም።

ይህ ኮሜዲ በአባትየው አይቀልድም። ሰውዬው ቤቱን እንደሚወድ በእያንዳንዱ ሳንቲም ውስጥ ታዪዋለሽ። ባለቤቱ ሮሼል ቁጡ ናት፤ ለልጆቿ ስትል ግን እሳት ውስጥ ትገባለች። እናትሽ ይወዷታል። የሚተረጉምላቸው ሰው ብቻ ነው የሚፈልጉት።

ሸገር ልጅ፦

ወንድሜ፣ ታሪክህ ልቤን ነክቶታል። ግን ቀልድ ሲተረጎም ይሞታል። ተርጓሚው እስኪጨርስ ሳቁ ያልፋል።

የታኮማ አባት፦

የሚሞት አለ፣ የማይሞት አለ። «የ49 ሳንቲም ወተት» በየትኛውም ቋንቋ ያስቃል፤ ምክንያቱም ሳቁ ያለው ሰውዬው ላይ ነው። የቃላት ጨዋታ ከሆነ ልክ ነህ፣ አይሻገርም። ሰምና ወርቅን ለፈረንጅ ተርጉምለት እስቲ።

ሳሪስ 81፦

በትክክል! የቪዲዮ ቤቱን ተርጓሚ አትርሱት። ልጁ ግማሹን ራሱ ይፈጥረው ነበር፤ እኛ ግን የምንሄደው ለሱም ነበር። እህቴ፣ ትልቁን ልጅሽን ተርጓሚ አድርጊው። 14 ዓመቱ ነው አይደል? እናትሽ አጠገብ አስቀምጪው። ሪሞቱን ስጪው፣ ያቁም፣ ይንገራቸው፣ ይቀጥል። አማርኛውም በዚያው ይፈታል። ሸገር ልጅ የፈለገውም ይሄንኑ ነው።

ሸገር ልጅ፦

እሱስ እውነት ነው። በዚህ እስማማለሁ።

የሚኒያፖሊሱ፦

«ማነው የሚስቀው» ለሚለው የእናትሽ ጥያቄ ልምጣ፤ በጣም የምወደው ጉዳይ ነው። ሁለት ዓይነት ሳቅ አለ። አንደኛው ስቱዲዮ ውስጥ የተቀመጠ እውነተኛ ተመልካች ሳቅ ነው። ሁለተኛው አስቀድሞ ተቀድቶ የሚጨመር ነው። ለዚህ ሥራ ቻርሊ ዳግላስ የሚባል የድምፅ ባለሙያ በ1950ዎቹ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ቁልፍ ሲነካ የሚፈልገውን ዓይነት ሳቅ ይለቃል። ሕዝብ ተሰብስቦ መሳቅ ስለለመደ፣ ቤቱ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ከሰው ጋር ያለ እንዲመስለው ነው። እንዲህ በያቸው፦ «ብቻችሁን እንዳትስቁ ብለው ነው።»

ለሳቁ ነገር መሠረት የጣለውን ደግሞ ልጠቁምሽ፤ ለእናትሽም ከሁሉ የሚሻለው እሱ ይመስለኛል። «አይ ላቭ ሉሲ»። እ.ኤ.አ. በ1951 ጀመረ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ አትፍሪው። ሉሲል ቦልና ባሏ ዴሲ አርናዝ ነበሩ የሚሠሩት። ባሏ ኩባዊ ነው፤ ጣቢያው መጀመሪያ እሱን እንደ ባሏ ለማሳየት አመንትቶ ነበር። እሷ ግን ከሱ ጋር ካልሆነ አለች። ያኔ ብዙ ፕሮግራም ከኒው ዮርክ በቀጥታ ነበር የሚተላለፈው። እነሱ ከሆሊውድ መሄድ አልፈለጉም። ስለዚህ ተመልካች ፊት፣ በሦስት ካሜራ፣ በፊልም ቀረጹት። ወጪው ሲበዛ ከክፍያቸው ቀነሱና በምትኩ የፊልሙን ባለቤትነት ወሰዱ። ዛሬ ከ70 ዓመት በኋላ ጥርት ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

ባልየው ሲናደድ እንግሊዝኛውን ትቶ በስፓኒሽ ይወርድባታል። ልጆችሽ ይህን ነገር ከየት እንደሚያውቁት አንቺ ታውቂያለሽ።

ሉሲና ጓደኛዋ ቸኮሌት ፋብሪካ የሚቀጠሩበትን ክፍል ክፈቺ። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ጓዳ፦

እንዳትከፍቺላቸው የምለው አለኝ። «ሳይንፌልድ» እና «ፍሬዠር» ጥሩ ናቸው፤ ግን ሁሉም ነገር አፍ ላይ ነው፣ ሲተረጎሙ አይተርፉም። «ሞ» ጎበዝ ሥራ ነው። ሂውስተን ውስጥ ጥገኝነት ጠይቆ ከ20 ዓመት በላይ ወረቀት የሚጠብቅ ፍልስጤማዊ ታሪክ ነው። የኢሚግሬሽን ቀጠሮ የጠበቀ ሰው ያለቅሳል፣ ይስቃል። ስድብ ስላለበት ከእናት ጋር ሳይሆን ከባለቤትሽ ጋር እዪው። ልጆቹ ለብቻቸው ከሆኑ «አቦት ኤለመንታሪ»፤ ስለ አንድ የፊላደልፊያ ትምህርት ቤት ነው። አስተማሪ ለሆነ ሰው ሁሉ ግብዣዬ ነው፤ እኔም አስተማሪ ነኝ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ይቅርታ፣ ሦስት ሳምንት ጠፋሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ልጄን ተርጓሚ አደረግነው። መጀመሪያ አፈረ፤ አሁን ሪሞቱን የሚነካበት የለም። «ክሪስ»ን አይተን እማዬ ጁሊየስን «የተባረከ ባል» ብላዋለች። የኪምን ሱቅም ጀምረናል።

ባለፈው ቅዳሜ ቸኮሌቱን ከፈትን። ሁለቱ ሴቶች ቸኮሌት በወረቀት ሊጠቀልሉ ይቀመጣሉ። አለቃቸው አንዲት ፍሬ ሳትጠቀለል ብታልፍ ትባረራላችሁ ትላቸዋለች። ቸኮሌቱ በረጅም ጎማ ላይ እየተንሸራተተ ይመጣል። መጀመሪያ ቀስ ይላል፤ ከዚያ ይፈጥናል። ሲያቅታቸው አፋቸው ውስጥ ይጎርሱታል፣ ባርኔጣቸው ውስጥ፣ ደረታቸው ውስጥ ይከቱታል። አለቃቸው ስትመጣ ጎማው ባዶ ነው። ጎበዞች መስለዋት «ትንሽ አፍጥኑት!» ብላ ትጮሃለች።

ልጄ ሊተረጉም አፉን ሲከፍት እማዬ «ተው፣ ተው፣ ገብቶኛል» አለችው። እየሳቀች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ከዚያ አቁመው አለችው። አቆመው።

«እኔ እኮ እዚህ ጋ ተቀምጬ አውቃለሁ» አለች።

እማዬ ሳታገባ ቡና ለቀማ ትሠራ እንደነበር አውቃለሁ። ከዚያ በላይ ነግራኝ አታውቅም። በዚያች ማታ ነገረችን። ቡናው በጎማ ላይ ይመጣል። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ይለቅማሉ። ካቦው ከኋላ ይመላለሳል። ከሰዓት በኋላ ጎማውን ያፈጥኑታል፤ ዓይን ይደክማል፣ እጅ አይደርስም። ታዲያ እሷና አንዲት ጓደኛዋ ያልደረሱበትን በእፍኝ እያነሱ ሽርጣቸው ውስጥ ጉልበታቸው ላይ ይደብቁታል። ጎማው ሲቆም ጠብቀው፣ ካቦው ዞር ሲል፣ ፈጠን ብለው ለቅመው ይመልሱታል። አንድ ቀን ካቦው ድንገት «ተነሺ» ብሏት ቡናው ሁሉ እግሯ ስር ፈሰሰ። ሌባ ናት ተባለ፤ ሙሉ ቀን ምንዳዋ ተቆረጠ። ጓደኛዋ የራሷን ምንዳ ግማሽ ሰጠቻት።

ይህን ስትናገር እጇ በራሱ ይለቅም ነበር። ሁለቱ ጣቶቿ፣ አየሩ ላይ፣ ፈጠን ፈጠን እያሉ። ልጆቼ ቴሌቪዥኑን ትተው እጇን ያዩ ነበር። ትንሹ «ያቺ ጓደኛሽ አሁን የት ናት?» አላት። ስሟን ነገረችው። የት እንዳለች ግን አታውቅም።

ቶሮንቶ ቤት፦

እህቴ፣ አስለቀስሽኝ። የትኛው ክፍል ነው? ለእናቴ ላሳያት።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

የሁለተኛው ሲዝን የመጀመሪያው ክፍል ነው፣ የ1952ቱ። ባሎቹ ቤት ቀርተው ሩዝ ሲቀቅሉ የሚያጥለቀልቁትም እዚያው ላይ ነው፤ እሱንም እንዳታልፉት።

አሁን ይህን እየጻፍኩ ልጄ ከትምህርት ቤት ገባ። ጃኬቱን ሳያወልቅ እማዬ አጠገብ ተቀምጦ «እማማ፣ የቡናውን ድገሚልኝ፤ ካቦው ከመጣበት ጀምሪ» እያላት ነው።